ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴና አርሲ፤ ስለ አንድ የጦር አለቃና የቤተ ዘመድ አውራ ሕይወት አጭር ጥናት

አንድ ሰው በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ስም ትቶ ባለፈ ጊዜ ታሪክ ጸሓፊው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ቢጽፍ ሥራው ይቀልለታል። የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነገርም እንዲሁ ነው። በሸዋ ቤተ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ራስ ዳርጌ ታማኝ አጎት፥ መካሪ ሽማግሌና የቤተ ዘመዱ አውራ ሆነው ይታያሉ። በአርሲ ደጋ ሽማግሌዎች ዘንድ ግን ስማቸው የሚነሣው ከአዙሌ ጦርነትና ከአኖሌ መከራ ጋር ነው። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ አንዱን ሽሮ ሌላውን ለማጽናት አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አግኝቶ ምክንያታቸውን ለመመርመር ነው።

የምናቀርበው አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ራስ ዳርጌን በቤታቸው ዘንድ ያስመሰገናቸውና በአርሲ ዘንድ ያስፈራቸው ጠባይ ሁለት ሳይሆን አንድ ነው፤ ይኸውም ለቤተ ዘመዳቸው የነበራቸው ፍጹም ታማኝነት ነው። ይህ ታማኝነት ሸዋን ከወንድማማች ጦርነት ለማዳን ረድቷል። ያው ታማኝነት አዋሽን ተሻግሮ በሄደ ጊዜ ግን በዚያ ለነበረው ሕዝብ የነጻነቱ ፍጻሜ ሆነ። ይህን ለመረዳት አስቀድመን የሸዋን ቤት፥ ቀጥሎም የአርሲን አገርና ሥርዓት መመልከት ያስፈልገናል።

፩. የሸዋ ቤትና የዳርጌ ወጣትነት

ዳርጌ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። የሸዋ መሳፍንት ቤት በዚያ ዘመን ከሰሜኑ የዘመነ መሳፍንት ሁከት ርቆ በአንኮበርና በአንጎለላ ተደላድሎ ይኖር ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ቤት ሰላም ዋጋ ነበረው። አልጋው ላይ የተቀመጠው ሰው ወንድሞቹንና የቅርብ ዘመዶቹን በጎንጮ ወህኒ ያስር ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሀሪስ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ በነበረ ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ ወህኒ ዘመዶቻቸውን መፍታታቸውን ጽፏል። እንግዲህ ዳርጌ የተወለዱት ወንድም ለወንድም ሥጋት በነበረበት ቤት መሆኑን ልብ ማለት ይገባናል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሞቱ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። ስምንት ዓመት ከገዙ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ኃይለ መለኮትም በዚያው ወራት ታመው አረፉ። የሸዋ መኳንንት የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጃቸውን ምኒልክን ይዘው በበረከት ቢዋጉም ተሸነፉ፤ ልጁም ተይዞ ወደ መቅደላ ተወሰደ። አጎቱ ዳርጌ ከተማረኩት መካከል ነበሩ። በግዞት አንድ ሕፃን አልጋ ወራሽና አንድ ወጣት አጎት አብረው መቀመጣቸው በኋላ ለሆነው ሁሉ መሠረት ነው ብለን እናምናለን። ምኒልክ በዕድሜያቸው ሁሉ ዳርጌን እንደ አባት ማየታቸው ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን አልጋ ያዙ። በዚህ ጊዜ በሸዋ ቤት ውስጥ በትውልድ ለአልጋው ቅርብ የሆኑ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ሌላው የሣህለ ሥላሴ ልጅ ሰይፉ ምኒልክ በግዞት ሳሉ በቴዎድሮስ ላይ ሲያምፁ ኖረው ሞተዋል፤ የሰይፉ ልጅ መሸሻ ሰይፉ ደግሞ በኋላ በምኒልክ ላይ ተነሥተዋል። ዳርጌም የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ በዕድሜም ከወንድማቸው ልጅ ይበልጡ ነበር። ሰው ሊከተላቸው የሚችልበት ምክንያት ሞልቶ ሳለ አልጋውን አልተመኙም። የወንድማቸው ልጅ አገልጋይ ሆነው የራስነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ ሰላሌንም አስተዳደሩ። በጎንጮ ወህኒ ታሪክ ለሚታወቅ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ሲያዞሩ ጀርባቸውን ሳይፈሩ ሊሄዱ የቻሉት እንደነዚህ ያሉ ዘመዶች ስለ ነበሯቸው ነው።

፪. የአርሲ አገርና ሥርዓት

አርሲ (በቀድሞው አጻጻፍ አሩሲ) በሰሜን በአዋሽ ወንዝ፥ በምዕራብ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች ሸለቆ፥ በደቡብና በምሥራቅ በዋቢ ሸበሌ የሚከበብ ደጋ ነው። የጭላሎና የካካ ተራሮች ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ዛሬ የአሰላ ከተማ በጭላሎ ምዕራባዊ ግርጌ ተቀምጣ ትታያለች፤ በዙሪያዋም ስንዴና ገብስ ይታረሳል። በምንናገርበት ዘመን ግን የአገሩ ዋና ሀብት ከብት ነበር፤ ከከብቱም ቀጥሎ ፈረስ። የአርሲ ፈረሰኛ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ በሰፊው ሜዳ ላይ ሲጋልብ እኩያው ጥቂት ነበር።

የአርሲ ኦሮሞ ራሱን በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፍላል፤ እነርሱም አምስቱ ሲኮና ሰባቱ መንዶ ይባላሉ። በእነዚህ ሥር ብዙ ጎሣዎች አሉ። አገሩን የሚያስተዳድረው ንጉሥ አልነበረም፤ የገዳ ሥርዓት ነበር። በገዳ ሕግ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጦርም በተነሣ ጊዜ አባ ዱላ የሚባል የጦር አለቃ ይመረጣል፤ ጦሩ ሲያበቃ ግን በዘሩ የሚያወርሰው አልጋ የለውም።

ይህን ነገር አጥብቀን የምንናገረው ለጦርነቱ ርዝመት ዋና ምክንያት ስለ ሆነ ነው። በዚያው ዘመን በምዕራብ በኩል የራስ ጎበና ዘመቻ በብዙ ቦታ የተፈጸመው ከነገሥታት ጋር በመዋዋል ነው። የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋርና የለቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ግብር ከፍለው በአገራቸው ላይ እንደ ተሾሙ ኖረዋል። በጅማ አንድ ንጉሥ ሲገብር መላው አገር ገበረ። በአርሲ ግን ስለ ሁሉ ሆኖ የሚገብር አንድ ሰው አልነበረም። አንዱ ጎሣ ቢታረቅ ሌላው አይታረቅም፤ አንዱ አባ ዱላ ቢወድቅ ሌላ ይመረጣል። አንድ በር የሌለውን ቤት በአንድ ቁልፍ መክፈት አይቻልምና የሸዋ ጦር በያንዳንዱ ወንዝና በያንዳንዱ ሸንተረር እንደ ገና መዋጋት ግድ ሆነበት።

፫. ዘመቻው ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም.

ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ከታረቁ በኋላ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ትተው የሸዋ ንጉሥ መሆናቸውን ተቀበሉ። ወደ ሰሜን ለጊዜው መንገድ አልነበራቸውም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ የምዕራቡ በር ተከፈተላቸው። ይሁን እንጂ የምዕራቡ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ እንዲሁም የባሪያው ንግድ ወደ ባሕር የሚደርሰው በምሥራቅ በኩል ነው። ጠመንጃም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ሐረርን ለመያዝ ለሚያስብ ንጉሥ በአዋሽ ማዶ ያልተገዛ ትልቅ ፈረሰኛ ሕዝብ በጎን ቆሞ መተው አይቻልም ነበር። ከዚህም በላይ የአርሲ ከብት ለሠራዊቱ ቀለብ ነበር፤ በያንዳንዱ ዘመቻ ወደ ሸዋ የሚነዳው መንጋ ጦሩን ለሚቀጥለው ዘመቻ ያነሣሣው ነበር።

ጦርነቱ አምስት ዓመት ያህል የፈጀ ሲሆን ከምኒልክ ዘመቻዎች ሁሉ ረጅምና ብዙ ደም የፈሰሰበት ከሚባሉት አንዱ ነው። የአርሲ ተዋጊዎች ጠመንጃ ከያዘ ጦር ጋር በቀን ፊት ለፊት መግጠም ምን እንደሚያስከትል ቶሎ ተረዱ። ስለዚህ በሌሊት ሰፈር መውረር፥ በጫካና በገደል አድፍጦ መጠበቅ፥ ከብቱን ወደ ተራራ አሽሽቶ ባዶ አገር ማስረከብ ጀመሩ። ከጦር አለቆቻቸው መካከል የሌንጂሶ ዲጋና የሮባ ቡታ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል። በ1876 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ንጉሥ ምኒልክ ራሳቸው በአርሲዎች ድንገተኛ አደጋ ተከበው በጭንቅ አመለጡ። ንጉሡ በግንባር የመጡበት ዘመቻ እንዲህ ሲሆን ነገሩ በአንድ ወረራ የማይፈጸም መሆኑ ለሁሉ ግልጽ ሆነ።

የራስ ዳርጌ ሚና እዚህ ላይ ይጎላል። ንጉሡ ሁልጊዜ በአርሲ መቀመጥ አይችሉም፤ በሰሜን ዐፄ ዮሐንስ አሉ፥ በምዕራብ የጎበና ዘመቻ አለ፥ በባሕር በኩል የአውሮፓ መልእክተኞች ይመላለሳሉ። በሌላ በኩል ብዙ ሺሕ ጠመንጃ የያዘ ሠራዊት ለዓመታት ለአንድ ሰው አሳልፎ መስጠት ንጉሥን የሚያሠጋ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ሠራዊት የሚይዘው ሰው ብርቱ ብቻ ሳይሆን የማይከዳ መሆን ነበረበት። ንጉሡ ጦሩን ለአጎታቸው ሰጡ። እንግዲህ ዳርጌ ለአርሲ ዘመቻ የተመረጡት በጦር ስልት ብልጫ ብቻ አይደለም፤ በቤተ ዘመድ አውራነታቸው ነው።

ዳርጌም ጦርነቱን ከከብት ወረራ ወደ ይዞታ ለወጡት። የቀድሞው ልማድ በበጋ ዘምቶ፥ ማርኮ፥ ክረምት ሲገባ ወደ ሸዋ መመለስ ነበር፤ አርሲዎችም ጦሩ ሲመለስ እንደ ገና ይሰበሰቡ ነበር። አሁን ግን ጦሩ በአገሩ ላይ መስፈር፥ የተገዛውንም ቦታ መጠበቅ ያዘ። ከአርሲ ጎሣዎች አንዳንዶቹ ታርቀው መንገድ መሪ ሲሆኑ ያልታረቁት ደግሞ ግጦሻቸውንና ውሃቸውን እያጡ ሄዱ። ከሁሉ በላይ ግን ጦርነቱን የቆረጠው ሬሚንግቶን ጠመንጃ ነበር። ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ከኋላ ከሚጎርስ ጠመንጃ ጋር ሲገናኝ ጀግንነት ሞትን ከማክበር በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጥም። ጳጉሜ 2 ቀን 1878 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 6 ቀን 1886 እ.ኤ.አ.) በአዙሌ በተደረገው ጦርነት የአርሲ ሠራዊት ከባድ እልቂት ደረሰበት፤ የጋራ መከላከሉም ተሰበረ። ከአዙሌ በኋላ በአራት ወር ውስጥ፥ በ1879 ዓ.ም. በገና ዕለት፥ ምኒልክ በጨለንቆ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። የአርሲ መሸነፍ ከሐረር መያዝ ጋር ያለው ግንኙነት በዚህ በቀኖቹ መቀራረብ ይታያል።

የዚህን ዓይነት ጦርነት ጠባይ ለመረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅመናል። በጃፓን በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩ በታላላቅ የመሳፍንት ቤቶች ተከፋፍሎ ሳለ የቤቱ አውራ የጦሩም አዛዥ ነበር፤ ለሳሙራይ ተከታዮቹ ርስት ይሰጣል፥ እነርሱም በጦርነት ይከተሉታል። በ1543 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋሎች ጠመንጃን ወደ ታኔጋሺማ ደሴት አገቡ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ በናጋሺኖ በፈረሰኛው ስመ ጥር የነበረው የታኬዳ ቤት ሠራዊት በአለቃው በካትሱዮሪ እየተመራ ከኦዳ ኖቡናጋ ነፍጠኞች ጋር ገጥሞ ታላላቅ ባለሟሎቹን አጣ። በናጋሺኖም በአዙሌም የወደቁት ፈሪዎች አልነበሩም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በጃፓን ሁለቱም ወገኖች ጠመንጃ የመግዛት ዕድል ነበራቸው፥ ሁለቱም የጽሑፍ መዝገብ ትተዋል። በአርሲ ግን ጠመንጃውም ብዕሩም በአንድ ወገን እጅ ነበር። ስለዚህ የተሸናፊውን ነገር የምናገኘው በቃል ብቻ ነው።

፬. የአኖሌ ነገር

ከኢተያ ብዙም በማትርቀው በሄጦሳ ወረዳ አኖሌ የምትባል ቦታ አለች። የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት ከአዙሌ በኋላ፥ በ1879 ዓ.ም. ገደማ፥ ሕዝቡ ለዕርቅ ተብሎ ወደዚያ ተጠራ፤ በመጣም ጊዜ የወንዶች እጅና የሴቶች ጡት ተቆረጠ። በኦሮምኛ ይህ ነገር «ሐርካ ሙራ ሐርማ ሙራ» ይባላል፤ ትርጓሜውም እጅ መቁረጥ ጡት መቁረጥ ማለት ነው። የጦሩ አለቃ ራስ ዳርጌ ስለ ነበሩ ይህ ትውፊት ከስማቸው አይለይም። በ2006 ዓ.ም. በአኖሌ መታሰቢያ ሐውልትና ቤተ መዘክር ተመርቋል። ሐውልቱ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። ከተመረቀበት ጊዜ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎችም ከዚያም ውጭ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

የክርክሩ ተቃዋሚዎች በቤተ መንግሥቱ ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር አልተጻፈም ይላሉ። በእርግጥም በጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ተጽፎ በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ዘመቻውን በንጉሡ ክብር በኩል ይተርካል እንጂ የአኖሌን ታሪክ አያቀርብም። እኛ ግን ከዚህ ዝምታ ብዙ መደምደም አይገባም እንላለን። ዜና መዋዕል የሚጻፈው ንጉሥ እንዲመሰገንበት ነው። የተሸነፈ ሕዝብ ሥቃይ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ቢጠፋ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ቢገኝ ነበር የሚያስደንቀው። የታሪክ ተማሪ መጽሐፍን የሚያምነው መጽሐፉ ሊናገረው በተዘጋጀበት ነገር ላይ ነው፤ ዝም ባለበት ነገር ላይ ምስክር ሊያደርገው አይችልም።

በሌላ በኩል የቃል ትውፊትም የራሱ ሕግ አለው። ትውፊት ብዙ ዘመን የተፈጸሙ ነገሮችን በአንድ ቦታና በአንድ ቀን ሊሰበስብ ይችላል፤ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ አለቃ ስም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ የአኖሌን ትረካ የሚያጠና ሰው የተራኪውን ጎሣና የትውልድ ሐረግ፥ ከማን እንደ ሰማ፥ የየጎሣው ትረካ በምን እንደሚስማማና በምን እንደሚለይ መመዝገብ አለበት። ይህን ማድረግ ሽማግሌዎቹን መጠራጠር አይደለም፤ ቃላቸውን ለመጽሐፍ ከምንሰጠው ክብር ጋር ማስተካከል ነው። መጽሐፍን የሚመረምር ሰው መጽሐፍን ናቀ እንደማይባል፥ ትውፊትን የሚመረምርም ትውፊትን ናቀ አይባልም።

፭. ከድል በኋላ

ከአዙሌ በኋላ ራስ ዳርጌ የአርሲ ገዥ ሆኑ። በአገሩ የተተከለው ሥርዓት በደቡብ በጠቅላላው የታወቀው የገባር ሥርዓት ነበር። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህል፥ ማርና የጉልበት ሥራ ይሰጠዋል። ቀጥሎም መሬቱ በቀላድ እየተለካ ሲከፋፈል ከጎሣ አለቆች የታረቁት ባላባት ተብለው ሲሶ ሲያገኙ የቀረው ለመንግሥት፥ ለመልከኛና ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ከነፍጥ፥ ማለት ከጠመንጃ የመጣ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። በአርሲ ያ ቃል የሥራ ስም ከመሆን አልፎ የአገዛዝ ስም የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታው አገሩን ሁሉ አራቆተ፤ ለከብት አርቢው ለአርሲ ሕዝብ ግን ጉዳቱ እጥፍ ነበር፤ በጦርነት የተረፈው ከብት በበሽታ አለቀና። ከሽንፈቱ በኋላ በአርሲ የእስልምና ሃይማኖት በብዙ ሕዝብ መካከል ተስፋፋ። ቀድሞም ቢሆን በባሌ የሚገኘው የሼክ ሁሴን መካን የታወቀ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ሰው ከአዲሱ ገዥ ሃይማኖት የተለየ መሰብሰቢያ አገኘበት። በጦር የተሸነፈ ሕዝብ በሃይማኖቱና በቋንቋው ራሱን ጠብቆ ለመኖር መቻሉን አርሲ ጥሩ ምስክር ነው።

ራስ ዳርጌ በቤታቸው በኩል ግን ያው የቀድሞው ሰው ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሸዋንና ዋና ከተማውን እንዲጠብቁ የተዋቸው አጎታቸውን ነው። ኢጣሊያኖች በዚያው ወራት በስዊስ አገር ይማር የነበረውን የራስ ዳርጌን ልጅ ጉግሣ ዳርጌን ወደ እነርሱ ወስደው በምኒልክ ላይ ሊጠቀሙበት አስበው ነበር። አሳባቸው በታሪክ የታወቀ ነው፤ የሣህለ ሥላሴን የልጅ ልጅ በእጃቸው ካደረጉ የሸዋን ቤት የሚከፍሉ መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ በጠላት እጅ ሳለ አባቱ የንጉሠ ነገሥቱን ከተማ ይጠብቁ ነበር፤ ቤቱም አልተከፈለም። በጎንጮ ወህኒ ላደገ ቤት ከዚህ የበለጠ የታማኝነት ፈተና ሊገኝ አይችልም።

ራስ ዳርጌ በመጋቢት 1892 ዓ.ም. አረፉ። ከልጃቸው ከወይዘሮ ትሰሜ የተወለዱት ራስ ካሣ ኃይሉ የሰላሌን ግዛት ወረሱ፤ በኋላም በ1928 ዓ.ም. በተምቤን ግንባር ጦር መርተዋል። በራስ ካሣም ዘንድ ያንኑ የቤት ጠባይ እናያለን። በትውልዳቸው ለአልጋ የቀረቡ ሆነው ሳለ ለራስ ተፈሪ፥ በኋላም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ፥ ታማኝ ሆነው ኖረዋል። በአርሲ የተተከለው የመሬት ሥርዓት ደግሞ ከራስ ዳርጌ በኋላ ሰባ አምስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ ትራክተር የገዙ ባለመሬቶች ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አስነሡ። ጭሰኛው ባለመሬት የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ነው። እንግዲህ የአዙሌ ጦርነት በአንድ ቀን ቢፈጸምም ውጤቱ የተሻረው ከሰማንያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው የራስ ዳርጌ ሕይወት ሁለት ፊት ያለው ቢመስልም መሠረቱ አንድ ነው። ለወንድማቸው ልጅ አልጋ ሲሉ የራሳቸውን ዕድል ትተዋል፤ ለዚያው አልጋ ሲሉ የሌላውን ሕዝብ ነጻነት ወስደዋል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጽፍ ሰው የውዳሴ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚጽፍም የክስ ወረቀት። ሁለቱን አብሮ የሚጽፍ ግን አንድ ሌላ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ለወገን መታመን መልካም ጠባይ ቢሆንም ወገን የሚባለው እስከ የት እንደሚደርስ ካልተጠየቀ ፍርድ አልባ መሆኑን ነው። በዳርጌ ዘመን የሸዋ ቤት ወገን አዋሽ ላይ ያበቃ ነበር፤ ከአዋሽ ማዶ ያለው ሰው ይገበር እንጂ ይመከር አልተባለም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ነገር አይደለም። ከሰላሌ የመጣና ከአሰላ የመጣ ተማሪ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ አንድ ሰው ሁለት ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ የሌላውን ታሪክ ዝም ቢያሰኝ ነገሩ እንደ ገና የጠመንጃና የጦር ግጥሚያ ይሆናል፤ ጠመንጃ የያዘው ያሸንፋል፥ እውነቱ ግን አይገኝም። ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን እናቀርባለን። ዜና መዋዕሉን የምናነብ ተማሪዎች የአርሲን ትውፊት በኦሮምኛ ለመስማት እንትጋ፤ ከአርሲ የመጡ ጓደኞቻችንም ዜና መዋዕሉን ጥለው ሳይሆን መርምረው ያንብቡ። ከዚያም የአዙሌን ሜዳ፥ የአኖሌን ቦታና የሸዋን ጦር ጉዞ በአንድ ካርታ ላይ አስፍረን የጎሣዎቹን ትረካ ከዘመቻው ቀናት ጋር እናስተያይ። ራስ ዳርጌን በሚገባ የሚያውቃቸው ያን ጊዜ ነው፤ ሌንጂሶ ዲጋንና ሮባ ቡታንም እንዲሁ። የጦር አለቃ ታሪክ ያለ ጠላቱ ታሪክ ግማሽ ነውና።